ያወጣችላቸው ስም

ስሙን ያወጣችው እሷ ነበረች። ለቀልድ ነበር እንጂ ለክፋት አልነበረም።

አከራይዋ በዚያ ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ግቢው መሀል ወጥተው፣ ዓይናቸውን ከማንም ዓይን ሳያገናኙ፣ «ልጆቼ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይ ላይ ትንሽ ጨምሩልኝ» ብለው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ተከራዮቹ በየበራፋቸው ክው ብለው ቀሩ። ፀጉር ሠሪዋ የሥራ ፎጣዎቿን ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። ዝምታው ሲከብዳት፣ «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስማቸው እትዬ ጨምሩ ነው!» አለች። ግቢው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ኑሮ ያኮማተረው ሰው ሳቅ ሲያገኝ ቶሎ አይለቀውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ስሙ አጥሩን ዘለለ፤ ሱቅ ደረሰ፣ ወፍጮ ቤት ደረሰ፣ ከአትክልት መደብሮቹም ደረሰ።

ያልሳቀው አባቷ ብቻ ነበር። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስም ተሸክሜ በር ለበር ስዞር ኖሬያለሁ» አላት። «ስም መስጠት ቀላል ነው ልጄ። ማውለቁ ነው ጣጣው።»

«ኧረ አባዬ፣ ቀልድ ነው!»

«እሱማ ቀልድ ነው» አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

አባትና ልጅ የሚኖሩት በአንዲት ጠባብ ክፍል ነበር፤ መሀሉ በመጋረጃ ተከፍሎ። ኑሮ ጣራ ከነካ ወዲህ ብዙ ነገር ከቤታቸው ሹልክ እያለ ወጥቷል። መጀመሪያ ስኳር ወጣ፣ ቀጥሎ ሥጋ። ዘይት በትንሽ ጠርሙስ፣ ሳሙና ተቆርጦ በግማሽ መግባት ጀመረ። ምስሩን ከጎረቤቷ ከአስተማሪዋ ጋር በአንድ ከሰል አንድ ላይ ይቀቅሉና ሁለት ቦታ ይካፈሉታል። ሱቅ የበሉት ዱቤ እንዳይጠራባቸው በሌላው መንገድ ዞረው ይገባሉ። አባቷም አውቶቡስ መሳፈር አቁሞ ነበር። «እግሬ ለመንግሥት ያን ሁሉ ዘመን ካገለገለ ለቤቱ ቢያገለግል ምን አለበት?» እያለ ቲማቲም ወደሚረክስበት ወደ ሩቁ ገበያ በእግሩ ይመላለሳል። እሷም ሳሎኑ ውስጥ ለሴቶች ጥፍርና ፀጉር ስታሳምር ውላ፣ ማታ የራሷን ፀጉር በሻሽ ሸፍና ትገባለች። ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ትፈልግ ነበር። የዱቄትና የዘይት ዋጋ ፊት የለው፤ አይሰደብ ነገር። አከራይዋ ግን ፊት ነበራቸው፤ በየቀኑ የምታየው ፊት።

ያንን ፊት ስትጠላ፣ የዚያን ፊት አምሳያ ትወድ ነበር።

* * *

የአከራይዋ አንድ ልጅ ነው። ሰፈሩ ጋጋሪው ይለዋል። በአንድ ክረምት የእነሱ ክፍል ጣራ ሲያፈስ፣ የቤት ባለቤት ልጅ ሆኖ ሳለ ሰው ሳይልክ ራሱ ወጥቶ ሲጠግን ነው በደንብ ያየችው። እሷ መሰላሉን ይዛለት ነበር። ሲወርድ በዝናብ እንደራሰ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ መሰላሉ ቢነሣም እሷ ከሥሩ የለቀቀች አልመሰላትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከግቢው በር አጠገብ የራሱን ዳቦ ቤት ከፍቶ ነበር። ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተገዝቶ ሲገባ ግቢው ሁሉ ወጥቶ አይቷል። ከዚያ ዱቄት በየሳምንቱ ዋጋው ሲወጣ፣ ዳቦው ሲያንስ፣ ሰው ማጉረምረም ሲጀምር፣ በሩ ተዘጋ። ምድጃው ግቢው ጥግ ላስቲክ ለብሶ ተቀመጠ። ተከራዮቹ በአጠገቡ ሲያልፉ፣ «በእኛ ኪራይ የተገዛ ንብረት!» እያሉ በክርን ይጎሻሸማሉ። እሱ አሁን በሌላ ሰው ዳቦ ቤት ተቀጣሪ ነው። ሥራውን ጨርሶ ረፋዱ ላይ በሳሎኗ በኩል ሲያልፍ፣ እሷ ወደ በሩ ብቅ ብላ ከፀጉሩ ላይ ዱቄት ታራግፍለታለች።

«ሽበትህ ዛሬ በዝቷል።»

«አንቺን ስጠብቅ ነው የሸበትኩት።»

ደንበኞቿ ሴቶች በመስታወት እያዩ ይጠቃቀሳሉ። እሷ ግን ደስታዋን ሳትጨርስ እንደገና ወደ ኪራዩ ወሬ ትመለሳለች።

«እናትህ ግን ልብ የላቸውም እንዴ? ለአስተማሪዋ እንኳ አያዝኑም? ሦስት ልጅ ይዛ!»

ያን ጊዜ እሱ ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። እጇን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። «ተያት እሷን» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። እሷም ልቧ ይቀልጣል። እናቱን የማያማ ሰው ነገ ሚስቱንም አያማም ብላ። ዝምታውን እንደ ጨዋነት ቆጠረችው። በዚያ ዝምታ ምክንያት አብዝታ ወደደችው።

አንድ ረፋድ ግን፣ «አንድ ነገር ልነግርሽ…» ብሎ ነበር።

«ስለ እትዬ ጨምሩ ከሆነ ቀኔን አታበላሽብኝ!» አለችው እየሳቀች።

እሱም ሳቀ። ሳቁ ከልቡ እንዳልነበረ ያን ዕለት አላስተዋለችም፤ ኋላ ግን ያንን ሳቅ ስታስታውስ እንቅልፍ ይነሣት ነበር።

* * *

ስልክ ሲደወልላት እጇ የደንበኛ ፀጉር አረፋ ውስጥ ነበር። አባቷ መንገድ ላይ ወድቆ ጤና ጣቢያ ተወስዷል። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሮጠች።

ኮሪደሩ ጫፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አከራይዋ ተቀምጠዋል። የአባቷ ጫማ ጭናቸው ላይ ነው። ከጎናቸው ደግሞ ሻርፓቸው ተቋጥሮ ተቀምጧል፤ አባቷ ከገበያ ተሸክሞት ሲመጣ የተበተነውን ቲማቲም አንድ ሳያስቀሩ ለቅመውበታል። የወደቀውን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ታክሲ ያስቆሙትም እሳቸው።

እሷ ግን ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ አልነበራትም። ነርሷ ቀድማ ይዛታለች።

«የደም ግፊት ኪኒናቸውን ቀን እየዘለሉ ነው የሚውጡት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ‹አንዱ ቀን የእኔ፣ አንዱ ቀን የአከራዬ› ብለው ሳቁ። እግዜር ነው ያተረፋቸው። ከእንግዲህ እንዳይደግሙት።»

ፀጉር ሠሪዋ ዞር አለች። ጫማውን የያዙትን እጆች አየች።

«እትዬ ጨምሩ!» አለች።

በፊታቸው ጠርታቸው አታውቅም። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው በሽተኛና አስታማሚ ሁሉ ቀና አለ።

«ሰሙ? የአባቴ መድኃኒት ነው ሲከፈልዎት የከረመው! ጨምሩ ሲሉ ጨመርን፣ ጨምሩ ሲሉ ጨመርን፤ አሁን ነፍሱን ሊጨምርልዎት ነበር! ደርሰው ደግሞ አስታማሚ ሆኑ? ጫማውን ያስቀምጡት! ምን ቀረዎት፣ እሱንም ሊወስዱት ነው?»

አከራይዋ ጫማውን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አኖሩት፤ አንዱን ካንዱ አስተካክለው። ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው ከእሷ ትከሻ በላይ አለፈና አንድ ቦታ ላይ ደነገጠ። ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ፤ አይሆንም እንደሚል ሰው።

ዞር ብላ ብታይ ወሬው የደረሰው ጋጋሪው ቆሟል፤ በዱቄት የነጣ ሽርጡን እንደለበሰ። ሁሉንም ሰምቷል።

«እማዬን ተያት» አለ። ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። «ኪራዩን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በል!» አሉ እናቱ። «ሰው የታመመበት ቦታ ነው!»

«ዝም ብዬ ነው እዚህ የደረስነው እማዬ።» ወደ እሷ ዞረ። «ዳቦ ቤቱን የከፈትኩት በባንክ ብድር ነው። መያዣው ግቢው ነው፤ የእሷ ቤት፣ የእናንተም ክፍል። ንግዱ ሲወድቅ ብድሩ አልወደቀም። የእኔ ደሞዝ ወለዱን እንኳ አይችለውም። ቤቱ ሐራጅ እንዳይወጣ ነው እሷ በየጊዜው ግቢ መሀል የምትቆመው። ከኪራዩ ለራሷ አንድ ሻሽ ገዝታ አታውቅም።»

መጀመሪያ ወደ ፀጉር ሠሪዋ አእምሮ የመጣው ቤቱም ባንኩም አልነበረም።

«እኔ እሳቸውን ስሰድብ» አለች በቀስታ፣ «አንተ እጄን ይዘህ ነበር።»

እሱ እንደ ወትሮው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«በሳቅኩ ቁጥር አብረኸኝ ስቀሃል። ያን ስም ባወጣሁ ቀን እንኳ መስኮታችሁ ክፍት ነበር። ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እሳቸውስ?»

«አጠገቤ ነበረች።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ለምን?»

«ፈራኋ!» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «እሷ እናቴ ናት። አገር ቢጠላት እኔን አትተወኝም። አንቺ ግን እኔን ከጠላሽኝ ትሄጃለሽ። አንዳችሁን መጣል ካለብኝ ብወረውራት የማትሰበረውን ጣልኩ።»

«እናትህ አትሰበርም ያለህ ማነው?» አለችው።

እናቱ ያን ጊዜ ተነሥተው የቲማቲሙን ቋጠሮ ሰጧትና ሁለቱንም ሳያዩ ወጡ። እሷ ቋጠሮውን ታቅፋ ቆመች። የገዛ ጩኸቷ ገና ከኮሪደሩ ያልወጣ ይመስላት ነበር።

* * *

አባቷ ከቀናት በኋላ ቤቱ ገባ። እሷ ጋጋሪውን ማየት አቆመች። ረፋዱ ላይ ሲያልፍ ወደ ሳሎኑ ጓዳ ትገባለች። በሩ ላይ ቆም ብሎ ሲሄድ ጫማውን ትሰማለች።

«‹የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ› ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ» አለ አባቷ ትራሱን ተደግፎ። «ልጅ የራሱን እከክ እናቱ ላይ ሲለክክ ግን ገና አሁን አየሁ። ጥፋት ነው። ጥፋት አይደለም አልልሽም።»

«ታዲያስ!»

«ታዲያማ እሱ ዝም አለ፣ አንቺ ተናገርሽ። የቱ ይብሳል?»

እሷ ዘንቢሏን አንሥታ ወጣች። ሽንኩርት ልትገዛ ነው ያለችው፤ እውነቱ ግን ከጥያቄው መሸሿ ነበር።

ከአትክልት መደብሮቹ አንዱ ጋ አከራይዋ ቆመዋል። ፊታቸው ወደ ሽንኩርቱ ክምር ነው፤ አላዩአትም። አንድ በአንድ እያነሡ ትንንሹን ይመርጣሉ። ነጋዴዋ ለሰፈሩ አዲስ ናት፤ የማንንም እውነተኛ ስም አታውቅም። ሚዛኑን አንሥታ፣ በአክብሮት፣ ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ ጠራቻቸው።

«እትዬ ጨምሩ፣ ይሄ ይበቃዎታል?»

ፀጉር ሠሪዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች።

«አቤት» አሉ አከራይዋ። «ይበቃኛል ልጄ።»

አቤት አሉ። አልተቆጡም፤ ስሜ ይሄ አይደለም አላሉም። ሽንኩርታቸውን በፌስታል ይዘው ጎንበስ ብለው ሄዱ። ቢሰድቧት፣ ቢመቷት ይሻላት ነበር። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የኖረበትን ስም ትቶ እሷ በሳቅ ላወጣችለት ስም ‹አቤት› ሲል መስማት ምን እንደሚመስል ማንም አልነገራትም ነበር። ዘንቢሏን ባዶውን ይዛ፣ በሰው መሀል፣ አለቀሰች።

* * *

በማግሥቱ ከሰዓት ሻምፖና ማበጠሪያዋን ይዛ የትልቁን ቤት በር አንኳኳች።

አከራይዋ ሲከፍቱላት ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። እሷም ወደ ውስጥ ስታይ ደነገጠች። ትልቁ ቤት ተብሎ የሚታማው ቤት ባዶ ነበር። ሶፋ የነበረበት ወለል ላይ አራት የእግር ምልክት ቀርቷል። ቁም ሣጥን የለም፤ ልብሳቸው ካርቶን ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ያለ ስኳር የተቀዳ ሻይ ቀዝቅዟል። እነሱ ቤት ሹልክ እያለ የወጣው ሁሉ እዚህም ወጥቷል፤ ከዚህ እንዲያውም ቀድሞ።

«ፀጉርዎን ላጥብልዎት መጥቼ ነው» አለች። ሌላ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ፀጉሬ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። እኔ ሌላ ሙያ የለኝም እትዬ።»

አሮጊቷ ውሃ ሊያሞቁ ገቡ።

ጎንበስ ብለው ሳፋው ላይ ሲያቀረቅሩ ማጅራታቸው ቀጭን ነበር፤ የልጅ ማጅራት ይመስል። በጣቶቿ ቀስ እያለች አሸች። ፊታቸውን አለማየቷ ጠቀማት።

«ያንን ስም እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ከአረፋው ሥር ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብላ እጇን ስታነሣ እየሳቁ ነው።

«ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ቀንሺ› ነበር የሚለኝ። እኔ ወሬ አበዛ ነበር ድሮ። ‹አንቺ ሴት፣ ቀንሺ!› አሁን ጨምሩ ስባል፣ ወይ እንዲህም አለ እንዴ ብዬ በመጀመሪያው ቀን ሳቅኩ።» ሳቁ ቀስ በቀስ ከሰመ። «በመጀመሪያው ቀን ነው ታዲያ።»

«ለምን አልነገሩን? ቢነግሩን እኮ…»

«ምን ልበል? ልጄ ከሠረ ልበል? አንቺ ለእሱ በር ላይ ብቅ ስትዪ አይቻለሁ። ለሰው ዓይኑን አብርቶ ሲያይ ያየሁት ያኔ ነው። የእኔ ነገር አልፏል፤ እኔን ብትጠዪ ምን እጎዳለሁ ብዬ ነበር።» ዓይናቸው ላይ የወረደውን አረፋ ጠረጉና፣ «ለካ ይጎዳል» አሉ።

ውሃውን አፈሰሰችላቸው። እንባዋ ከውሃው ጋር ወረደ፤ ሞቅ ስላለ አልለዩትም፣ ወይም እንዳልለዩት ሆኑ። በፎጣ ጠቅልላ አበጠረቻቸው። «ይቅር ብዬሻለሁ» አሏት ስትጨርስ፤ አገጯን በእጃቸው ይዘው። እሷ ግን ይቅርታው ጥፋቱን እንደሚያቀልላት ስትጠብቅ፣ ጭራሽ ከበዳት።

* * *

እሑድ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ግቢው ገባ። ጋጋሪውና ሁለት ሸካሚዎች ላስቲኩን ገፈው ምድጃውን አነሡት። ነገ ከነገ ወዲያ እንደገና እከፍታለሁ እያለ አልሸጥም ሲል የኖረውን ነው። መኪናው ሲወጣ አላየውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ የግቢውን በር ዘጋ።

ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። የተከራዮቹን በር አንድ በአንድ ማንኳኳት ጀመረ።

እሷ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከአስተማሪዋ በር ላይ የሚለውን ሁሉ ሰማች።

«ለኪራዩ መጨመር ምክንያቱ እኔ ነኝ። እናቴ አይደለችም። ቤቱን በብድር አስይዤ የከሰርኩት እኔ ነኝ። ምድጃውን ሸጬ ከብድሩ ላይ ከፍያለሁ፤ ገና ብዙ ይቀራል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ግን ከኪራዩ ላይ የመጨረሻው ጭማሪ ይነሣል። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። የዘገየሁት ስለፈራሁ ነው።»

«ለልጆቼ ወተት ያቆምኩት ለአንተ ምድጃ ነዋ?» አለች አስተማሪዋ።

«አዎ።»

«አዎ ነው የምትለኝ?»

«ሌላ ምን ልበልሽ እህቴ? አዎ።»

በሩ ድርግም ብሎ ተዘጋ። እርምጃው ወደ ቀጣዩ በር ሄደ። እዚያ ተሰደበ። ከዚያኛው፣ «አይዞህ፣ ያልከሰረ ነጋዴ የለም» ተባለ። በየበሩ ያንኑ ቃል ደገመ፤ አንዲት ሰበብ ሳይጨምር። እሷ ቃሏን የበተነችው ለሳቅ ነበር፤ እሱ በር ለበር እየዞረ የሚለቅመው በእንባ ነው።

በመጨረሻ የእነሱ በር ተንኳኳ። አባቷ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ክፈችለት እንጂ። ስንት ዘመን በር ሳንኳኳ ያልከፈተልኝን ሰው አልረሳም» አለ።

ከፈተች። ዓይኑ ቀልቷል። «ለኪራዩ መጨመር…» ብሎ ጀመረ።

«ሰምቼዋለሁ» አለችው። «ከመጀመሪያው በር ጀምሮ።»

«ላንቺ ሌላ አለኝ። ከእነሱ የሰረቅኩት ኪራይ ነው። አንቺን ግን እናቴን እንድትጠዪ አድርጌ…» የበሩን መቃን ያዘ። «ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፌ አልደፈረም።»

«እኔም ጥፋት አለብኝ። የእኔን በር ለበር ዞሬ ብነግርም አይለቀምልኝም። ትናንት ሱቅ ሄጄ፣ ስማቸው እንደሱ አይደለም አልኩ። ባለሱቁ ‹ማን ናቸው ታዲያ?› አለኝ። ትክክለኛውን ስነግረው፣ ‹እ፣ እትዬ ጨምሩን ነው?› አለኝ።»

ከትልቁ ቤት የአሮጊቷ ሳል ተሰማ፤ ሁለቱም እኩል ወደዚያ ዞሩ፣ እኩልም አንገታቸውን ደፉ።

«ግባና ተቀመጥ» አለችው። «አልታረቅንም። ግን ተቀመጥ።»

ገብቶ ከበሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እሷ ከአልጋው ጫፍ። እጁን አልያዘችም፤ እሱም አልሞከረም። ድሮ ስታስበው ልቧ ላባ ይሆን ነበር፤ ንጹሕ ሰው አገኘሁ ብላ፣ እሷም ንጹሕ የሆነች መስሏት። አሁን ፊት ለፊቷ የተቀመጠው አንድ የሚያፍር ሰው ነው፤ እሷም ሌላ የምታፍር ሰው። ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ፍቅር ይሁን ጸጸት መለየት አቃታት። ከባድ ነበር፣ ያማል፣ ዓይን ለዓይን አያስተያይም። ተነሥቶ እንዲሄድ ግን አልፈለገችም።